ጆሮ ይፍረድ

«አንቺ ሕፃን ነሽ፤ ሂጂ ወደ ቤትሽ!» አለ ዘበኛው።

ዝማሬ ለሌላ ሰው የተናገረ መስሏት ዞር አለች። ከኋላዋ ሕፃን የሚባል የለም። ሕፃኗ እሷው ናት! የአሥራ አራት ዓመቷ ዝማሬ፣ ሐሙስ ሐሙስ በትምህርት ቤቷ ሚኒ ሚዲያ «ጆሮ ይፍረድ» የሚል የሙዚቃ ዝግጅት ያላት፣ ስንቱን ዘፋኝ አንስታ ያፈረጠችው ዝማሬ። ባለፈው ወር አንዱን ስመ ጥር ዘፋኝ «ድምፁ የተነፈሰ የባጃጅ ጎማ ነው» ብላ ግማሹ ትምህርት ቤት አኩርፏታል። ግማሹ ደግሞ እስካሁን እየደጋገመ ይስቃል።

«ከሚኒ ሚዲያ ነው የመጣሁት» አለች ትኬቷን ዘርግታ። «ጋዜጠኛ ነኝ።»

ዘበኛው ከእግር እስከ ራስ አያት። ብዙ የሚታይ ነገር አልነበረም። «ጋዜጠኛ!» ብሎ ሳቀ። «ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች አይገባም ተብሏል፣ እቴ። ቀጣይ!»

ቀጣይዋ የልብ ጓደኛዋ ናዝራዊት ነበረች። እሷም አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ግን ቁመቷ ባሕር ዛፍ ነው፣ የእህቷንም ሊፕስቲክ ተቀብታለች። ዘበኛው ዕድሜዋን እንኳን ሳይጠይቅ ትኬቷን ቀደደና አሳለፋት። ናዝራዊት በሩን አልፋ ዞር አለች፤ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ከኋላ የመጣው ሰው ገፋትና ከዓይን ጠፋች።

ትመለሳለች ብላ ዝማሬ ጠበቀች። አልተመለሰችም።

ጊዜው የጥምቀት ሰሞን ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነበር። ቀሐ ወንዝ ዳር ያለው ሜዳ ለኮንሰርቱ ሲባል ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሯል። ወደ ቤቷ መሄድ ነበረባት። ግን እንዴት ብላ ትሂድ? የምትዘፍነው እኮ ሐረገወይን ናት! ዝማሬ ስለ ዘፋኞች የምትጽፍበት ደብተር አላት። ደብተሩ ውስጥ ቁጣው ይበዛል፦ «እጃችሁን ወደ ላይ የሚል ዘፋኝ ዘፈን ያለቀበት ነው»፣ «ይቺ ከምታዜመው የምትለቅሰው ይበልጣል»፣ የመሳሰለው። ሐረገወይን በተጻፈበት ገጽ ላይ ግን አንዲት ክፉ ቃል የለችም። ከገጠሯ ድብ ባሕር ወጥታ አዲስ አበባ ድረስ ያንቀጠቀጠች፣ ዜማ የማትስት፣ አንደኛ።

አጥሩን ተከትላ ዞረችና ከመድረኩ ጀርባ በኩል ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እዚያው አጠገቧ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በትራቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል።

«አንቺም አልገባሽ?» አሏት።

«አላስገቡኝም፣ አያ።»

«እኔስ ግፊያውን አልችለው ብዬ ነው። ከድብ ባሕር ነው የመጣሁ። የኛ አገር ልጅ ትዘፍናለች ቢሉኝ ድምጧን ልስማ ብዬ።»

ሙዚቃው ጀመረ። ቆርቆሮው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። አገር የሚያውቀው ዘፈኗ ነበር፦

«ቀስ በል ባጃጁ፣ መንገዱ ይርዘም፣
ቤት ከገባሁማ ይህ ሳቅ አይደገም።»

ዝማሬ ይህን ዘፈን መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። «ይርዘም» ከማለቷ በፊት ሐረገወይን አንዲት አጭር ትንፋሽ ትስባለች፤ ትንፋሿም መጨረሻ ላይ እንደ ሳግ እንቅ ትላለች። ዝማሬ ያቺን ትንፋሽ ከዘፈኑ አብልጣ ትወዳታለች። አሁንም ከአጥሩ ወዲያ ትንፋሿ ስትመጣ ዝማሬ ፈገግ አለች። ዘፈኑ ሲደገም ግን ያችው ትንፋሽ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያችው እንቅታ ተመልሳ መጣች። የዝማሬ ፈገግታ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። ሰው እየጨፈረ እየዘለለ አንዷን ትንፋሽ ሁለቴ ይተነፍሳል እንዴ?

ፕሌይባክ ነው። ስቱዲዮ የተቀዳውን ከፍተውላት እሷ አፏን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ሐረገወይን! ዝማሬ ወዲያውም ሌላ ሐሳብ መጣባት። ምቀኝነት ይሆን? ገብቼ ቢሆን ኖሮ ይቺን ትንፋሽ ልብ እላት ነበር ወይስ እኔም እንደ ሰዉ እዘል ነበር? ሌላ ጊዜ አስተያየት ጠፍቷት አያውቅም፤ ኧረ ይበዛባታል ነው የሚባለው!

በዚህ መሃል መብራት ጠፋ።

ድምፁ ሁሉ እልም አለ። ፉጨት ሆነ፤ «ጄኔሬተር! ጄኔሬተር!» የሚል ጩኸት ሆነ። ከዚያ ጩኸቱ ቀስ በቀስ በረደና ከቆርቆሮው ወዲያ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ ያለ ማይክ፣ ያለ ሙዚቃ፣ «ቀስ በል ባጃጁ» አለ። ከፍ አድርጋ ነው የጀመረችው። ዝማሬ «አይደርስላትም» አለች በልቧ። እውነትም «ይርዘም» ላይ ሲደርስ ድምጿ ተሰነጠቀ። ቅኝቱንም ሳተች፤ ስትፈልገው፣ ስትፈልገው ቆይታ በሌላ በኩል ዞራ ገባችበት። ሌላ ዘፋኝ እንዲህ ቢያደርግ ዝማሬ ሐሙስ ዕለት አመድ ታደርገው ነበር። አሁን ግን ክንዷን አየች፤ ጠጉሯ ቆሟል።

«ኧረ ሸጋ!» አሉ ሽማግሌው። «ሸጋ ድምጥ አላት። ምነው እስካሁን ሳትዘፍን ቆየች?»

«እስካሁንም እኮ እየዘፈነች ነበር፣ አያ።»

«ኤድያ! እስካሁንማ ካሴት ነው የከፈቱ።»

ጄኔሬተሩ ተነሳ። ሙዚቃው ከተቋረጠበት ቀጠለ፤ ያች ትንፋሽም ለሦስተኛ ጊዜ ሳትዛነፍ መጣች። ሽማግሌው በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው «በይ ደህና ዋይ፣ ሰማኋት» ብለው ሄዱ።

ናዝራዊት ፊቷ በላብ ርሶ ስትወጣ ገና ከሩቅ ነው ማውራት የጀመረችው። «ዝም ብለሽ ስሚኝ! ቀወጠችው በቃ! ወርቅማ ቀሚስ፣ ስምንት ተወዛዋዥ፣ ጭሱ ከታች ቡልቅ ሲል! መብራት የጠፋ ጊዜ ብቻ ሼም ነው። ድምጿ ተሰነጠቀ፤ እኔ ራሴ ቪዲዮ መቅዳት አቆምኩላት፣ አሳዘነችኝ።»

ዝማሬ «ለምን ትተሽኝ ገባሽ?» ልትል ነበር። ከአፏ የወጣው ግን «ጫማዋስ ምን ዓይነት ነበር?» የሚል ነው።

ሰኞ ጧት ክፍል ውስጥ ልጆቹ ከበቧቸው። ናዝራዊት ማንም ሳይጠይቃት «ሁለታችንም ከመድረኩ ሥር ነበርን! ዝማሬማ ልትነካት ምንም አልቀራትም» አለች። ዝማሬ ፈገግ አለች። «ሕፃን ነሽ ብለው መለሱኝ» ብላ ታውራ እንዴ? ተረቡ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይከተላታል። ደግሞ ናዝራዊት ትታት መግባቷ ይወራል። ዝም አለች፤ ውሸቱም የሁለቱ ሆነ።

ማክሰኞ የሐሙሱን ዝግጅት ቀዱት። በሚኒ ሚዲያ ሁሉም ዝግጅት አስቀድሞ በስልክ ይቀዳና ሐሙስ በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። ይህ ደንብ የወጣው በወላጆች ቀን አንድ ልጅ በቀጥታ ሲያነብ «የተከበራችሁ መምህራን» ሊል «የተቀበራችሁ መምህራን» ያለ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ የክበቡ ኃላፊ ቲቸር ፍቅረ ማርያም «ሳይቀዳ የሚተላለፍ ነገር ባየሁ!» ብለው ምለዋል። ዝማሬ ናዝራዊት የጻፈችላትን አነበበች፤ «ገብተን በዓይናችን እንዳየነው» ከሚለው ጀምሮ ቀሚሱንም፣ ጭሱንም፣ ጫማውንም። አንዲት ፊደል አልተሳሳተችም። መልሳ ስትሰማው ድምጿ ያምራል፤ ግን የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ግቢው ውስጥ ተማሪያቸውን ወልደኢየሱስን እያስቀጸሉ ደረሰች። መቀጸል ማለት ተማሪው የተማረውን ዜማ ለየኔታ ደጋግሞ እያዜመ ማጥናቱ ነው። ወልደኢየሱስ በስልኩ የተቀዳውን ከፍቶ ከሥር ከሥሩ ይከተላል፤ አንድም አልተሳሳተም።

«አሳምረሃል» አሉ መሪጌታ። «አሁን እሱን ዝጋውና በል።»

ዘጋው። ሁለተኛው ሐረግ ላይ ዜማውን ሰበረው። ሦስተኛውም ላይ ሰበረው። አንገቱን ደፋ።

«ስልኩ ነው እንጂ የቀጸለው አንተ አይደለህም። አሁን የራስህን ሰማሁ። በል፣ ከዚህ እንጀምር።»

ዝማሬ ቦርሳዋን ሳታወርድ ጠበቀች። ልጁ ወጥቶ ሲሄድ «አባዬ» አለች፣ «አንድ ሰው ዜማ ሰብሮም ደስ ቢልዎትስ?»

«የተሰበረ ዜማ የተሰበረ ነው፣ ልጄ። ይታረማል።»

«ግን... ያልተሰበረው ሳይሆን የተሰበረው ደስ ቢልዎትስ?»

«ማን ነው የሰበረው?»

«አንዲት ዘፋኝ።»

መሪጌታ ከት ብለው ሳቁ። «ጉድ ፈላ! እኔን ስለ ዘፈን ትጠይቂኛለሽ? እኔ ምን አውቄ!» ከዚያም ጨመሩ። «ማረም የምችለው ግን የሰማሁትን ነው። ስልኩንማ ምን ብዬ ላርመው?»

ይህም ምኑንም አላጠራላትም። እንዲያውም ባሰባት። የተሰበረው አሪፍ ነው እንዳትል፣ የተሰበረ ነው። ያልተሰበረው አሪፍ ነው እንዳትል፣ የሐረገወይን አይደለም፤ የስቱዲዮው ነው። ደብተሯን ከፍታ አንደኛ የሚለው ላይ እርሳሷን እንደያዘች ቀረች። አልሰረዘችውም፤ እንዲሁም አልተወችውም፤ ዙሪያውን በክብ መስመር ከበበችው።

ሐሙስ የእረፍት ደወል ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው የሚኒ ሚዲያዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የድምፅ ማጉያውን የምትቆጣጠረው ናዝራዊት ናት። ስልኩ በገመድ ተያይዞ ተዘጋጅቷል፤ የሚቀረው መንካት ብቻ ነው።

«ናዚ፣ ይህን እንዳትለቂው» አለች ዝማሬ። «ውጭ ነበርኩ ልል ነው።»

ናዝራዊት ፊቷ ቀላ። «አብደሻል? አብረን ነበርን ብያለሁ እኮ! እኔስ? ትታት ገባች ልባል?»

«ትተሽኝስ አልገባሽም?»

ይህ ከወጣ በኋላ ክፍሏ ይበልጥ ጠበበች። ናዝራዊት ገመዱን ጣቷ ላይ ጠመጠመችው፣ ፈታችው። «ልመለስ ነበር» አለች። «የእውነት፣ እምዬን! ሰው ገፋኝ። ከዚያ መብራቱን ሳየው... ረሳሁሽ። እስክወጣ ድረስ ረሳሁሽ።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «አብረን ነበርን ያልኩት እሱ አሳፍሮኝ ነው።»

ዝማሬን በጣም አመማት። ከአምስት ቀን በፊት ቢነገራት ትጮህ ነበር። አሁን ግን፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ከቅዳሜ ወዲህ ናዝራዊት ያወራችው የመጀመሪያው እውነተኛ ወሬ መሰላት። ልትቆጣ ነው ወይስ ልታቅፋት? ሁለቱም መጣባት።

«ስምሽን አላነሳም» አለች በመጨረሻ። «የራሴን ብቻ ነው የምናገረው።»

«በቀጥታ? ቲቸር ይገድለናል! ብትሳሳቺስ?»

ደወሉ ተደወለ። የልጆቹ ጩኸት ግቢውን ሞላው። ዝማሬ የስልኩን ገመድ ነቀለችና ማይኩን አንስታ ከፈተችው። የሰማችውን ሁሉ፣ ትንፋሿንም፣ መብራቱንም፣ ሽማግሌውንም በልቧ ደርድራለች። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት የምታስፈራት።

«እንደምን አረፈዳችሁ። ጆሮ ይፍረድ ነው። የቅዳሜው የሐረገወይን ኮንሰርት...» ድምጿ ቀጠነ። «የሐረገወይን ኮንሰርት አልገባኝም።»

አልገባሁም ልትል ነበር!

ከግቢው ሳቅ ሲፈነዳ ተሰማ። አንዱ «ጋዜጠኛዋ አልገባትም!» ብሎ ጮኸ። የዝማሬ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። የተነቀለው ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አንድም ስህተት የሌለበት ድምጿ እዚያ ውስጥ አለ። ናዝራዊት ስልኩን አየችው፤ ዝማሬን አየቻት። ከዚያ እጇን ወደ ድምፅ ማጉያው ሰደደችና ድምፁን ከፍ አደረገችው።

ዝማሬ ትንፋሽ ሳበች። ትንፋሿ በማጉያው አልፎ በግቢው ሁሉ ተሰማ።

«አልገባሁም ልል ነው» አለች። «ዘበኛው ሕፃን ነሽ ብሎ መለሰኝ፤ ከአጥሩ ውጭ ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት። ግን አልገባኝም ያልኩትም ስህተት አይደለም። ያልገባኝን ልንገራችሁ።»