የማይመረው ክኒን

መሪጌታ ወልደኢየሱስ ቁስቋም ማሕሌት ላይ መቋሚያቸውን እንደያዙ ወድቀው ሲሞቱ፣ ለቅሶ ቤቱ ገዳዩን ከፖሊስ ቀድሞ አገኘ። ማንያዘዋል ነው ተባለ፤ መድኃኒት መደብር ያለው የሚስታቸው ወንድም። ለቁርጥማታቸው ስንት ዓመት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክኒን ሲያስውጣቸው የኖረ እሱ ነዋ! ታሰረ።

ኢንስፔክተር የዓለምወርቅ ግን የለቅሶ ቤት ወሬ አይጥማትም። አስከሬኑን ልብ ብላ አየች። ፊታቸው ድቡልቡል ብሎ ሞልቷል፤ ክንዳቸው ግን ከስቷል፣ ቆዳቸውም በላልዟል።

«ሸጋ ሆነው ነበር እኮ፣ ፊታቸው ሞልቶ!» አለች ሚስታቸው አዛለች እንባዋን እየጠረገች። «ሰሞኑን ነው ማስመለስ የጀመራቸው፤ አቅምም አጡ።»

«ክኒኑን አቋርጠው ነበር?»

«ኧረ በየጠዋቱ ይውጡ ነበር! ድሮ ሲመራቸው ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር። በቀደም ግን ‹መድኃኒቱም እንደኔ አረጀ መሰል፣ መምረሩን ተወ› ብለው አሳቁን።»

የዓለምወርቅ አልሳቀችም። ከክኒኑ ብልቃጥ አንድ አንስታ በምላሷ ጫፍ ነካችው፤ ጠመኔ ጠመኔ ይላል።

«ሐኪም ዘንድ ማን ወሰዳቸው?»

«ልጄ ፍሬሰላም፤ እዚያው ወንድሜ መደብር ነው የምትሠራው። ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣ ክኒኑ ሕመሙን እየደበቀ የጉልበታቸውን መጋጠሚያ ልም አጥንት እያስጨረሳቸው ነው አላት። ከዚያ ወዲህ ልጄ እንቅልፍ የላትም።»

ሰልስቱ እንዳለፈ ቤተሰቡ ተሰበሰበ፤ ማንያዘዋልም በካቴና መጣ።

«መርዝ አልተገኘም» አለች የዓለምወርቅ። «ያ ድቡልቡል ፊት ጤና አልነበረም፤ የክኒኑ ሥራ ነው። ስቴሮይድ የሚባለው ይህ ክኒን ለዓመታት ሲወሰድ፣ ሰውነት ያንኑ ሆርሞን ራሱ ማምረቱን ይተዋል። ድንገት ሲቋረጥበት ያዝለፈልፋል፣ ያስመልሳል፣ ይገድላል። መሪጌታ ግን የሚውጡ መስሏቸው ነበር። መራራውን ክኒን አንድ ሰው በካልሲየም ለውጦታል።»

«እኔ አይደለሁም!» አለ ማንያዘዋል።

«አንተማ እንደ ከረሜላ ስታድል ኖረሃል፤ ለሱ ትጠየቃለህ። የለወጠው ግን ሐኪሙን የሰማ፣ ከመደብሩም ካልሲየም ማንሳት የሚችል ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ፍሬሰላም ዞረ።

«ክኒኑን ተው ብዬ ለመንኩት» አለች ልጅቱ። «‹ማሕሌት ላይ ከምቀመጥ ብሞት ይሻለኛል› አለኝ።»

«ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀነሳል አላለሽም?»

«ብሎኛል። ጉልበቱ እያለቀ እንዴት ቀስ ልበል? በእግሩ እንዲቆምልኝ ነበር እኮ! እንዲቆምልኝ ብቻ!»

እናቷ ልታቅፋት ተነሥታ መሐል ላይ ቀረች። የዓለምወርቅ ከማንያዘዋል እጅ የፈታችውን ካቴና ይዛ ስታመነታ፣ ፍሬሰላም ሳትጠየቅ ሁለት እጇን ዘረጋችላት።