በሁሉም ቻናል

ረዑት ሪሞቱን እንደገና ተጫነችው። ያው ጠባብ መንገድ፣ ያው የድንጋይ አጥር፣ ያው ብርቱካናማ ቆብ ያጠለቁ የነፍስ አድን ሠራተኞች። ቻናል ቀየረች። አሁንም ያው ነው። በሦስተኛው ቻናል ላይ የምትናገረው ጋዜጠኛ ሌላ ሴት ናት፤ ምስሉ ግን አልተለወጠም።

«ምነው ልጄ፣ ተበላሸ እንዴ?» አሉ እማማ እናና ከሶፋው ላይ ሆነው።

«አይ እማማ፣ ጥሩ ነገር እየፈለግኩ ነው።»

ጥሩ ነገር ብሎ ዝም! ረዑት በራሷ ተናደደች። ከዚህ ሁሉ ያልሠራችውን የሒሳብ የቤት ሥራ ሁለት ጊዜ ብትሠራ ይሻላት ነበር።

ከትምህርት ቤት ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ነበር እናቷ ከሥራ ቦታ የደወለችላት። ከተማው መሀል ኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው ጎዳና ላይ፣ ከሃነቪኢም መንገድ ጥግ ብዙም ሳይርቅ፣ እድሳት ላይ የነበረ የአንድ አሮጌ ቤት ወለል ተደርምሶ ነበር። ሁለት ሠራተኞች ከሥሩ ወዳለው የጥንት የውሃ ጉድጓድ ወድቀዋል። አንደኛው ፈጠነ ነው፤ ከእነሱ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት የእማማ እናና ልጅ።

«እነ አባባ መልካሙ ወደ ሰፈራችን፣ ወደ ጊሎ እየመጡ ነው» አለቻት እናቷ። «እንዲህ ያለ ነገር የሚነግሩት ሽማግሌዎች ናቸው፣ በሥርዓቱ። አንቺ ውረጂና ከእማማ እናና ጋር ተቀመጪ። ዜና እንዳያዩ ብቻ! እሺ? ቤሴደር?»

«ቤሴደር፣ ኢማ።»

ቀላል መስሏት ነበር። እማማ እናና ዕብራይስጥ ብዙም አይሰሙም፣ የአማርኛው ዜና የሚመጣው ደግሞ ማታ ነው። ዜና የሌለበት ቻናል ማድረግ ነው፣ አለቀ። ካርቱን ብታደርግላቸው ግን እማማ እናና ሳቁባት። «ለእኔ ነው ለአንቺ?» አሉና ወደ ወትሯቸው ቻናል እንድትመልሰው ጠየቋት። መለሰችው፤ እዚያም ያው ምስል ጠበቃቸው። ቻናል እየቀያየረች ልታመልጥ ስትሞክር ነው አንደኛዋ ጋዜጠኛ ምክንያቱን የተናገረችው፦ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ፖሊስ አንድ ካሜራ ብቻ አስገብቷል፤ ቻናሎቹም ተስማምተው ያንኑ ምስል በቀጥታ እየተጋሩ ነው። ማምለጫ የለም ማለት ነው።

«ምንድነው የሚሉት?» አሉ እማማ እናና።

እማማ እናና ለዕብራይስጥ የሚተማመኑት በረዑት ነው። ከክሊኒክ የተደወለ ስልክ ቢሆን፣ ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ወረቀት ቢሆን፣ ወደ እሷ ይላካል። እሷም አማርኛዋ እየተንገዳገደም ቢሆን አንድ ቃል አስቀርታባቸው አታውቅም።

«ፊልም ነው» አለች።

«በሁሉም ቻናል አንድ ፊልም?»

«ታዋቂ ነው፣ እማማ።»

ፊቷ በእፍረት ጋለ። ተነሥታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው፤ «ዓይኔን አመመኝ» አለች፣ እሱም ውሸት ነበር። አንዱ ውሸት ሌላውን ሲጎትት እንዲህ ፈጣን መሆኑን አታውቅም ነበር።

ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ከክፍሏ ልጆች አንዱ፣ ያይር፣ ለሁሉም መልእክት ልኳል፦ «እያያችሁ ነው? በቧንቧ እያናገሯቸው ነው!» ከሥሩ ሁሉም ተራ በተራ መልሰዋል። ሁሉም እያዩ ነው። ረዑት ስልኩን ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ፈጠነ ዛሬ አልደወለልኝም» አሉ እማማ እናና ድንገት። «በምሳ ሰዓት ሳይደውል ቀርቶ አያውቅም።»

«ሥራ... ሥራ በዝቶበት ይሆናል።»

እማማ እናና አተኩረው አዩዋት። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ የዕለት ወሬ እንደሚያወራ ሰው ሆነው ጀመሩ።

«ባሌ ሲሞት የት እንደነበርኩ ታውቂያለሽ? ሰርግ ላይ።»

«ሰርግ ላይ?»

«አዎ። እሱ ጎንደር ቀርቶ፣ እኔ ልጆቹን ይዤ ቀድሜ ወደዚህ አገር መጥቼ። መርዶው ደርሶ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ሰርጉ እንዳይበላሽ፣ እሷም ትንሽ ትደሰት ብለው ደበቁኝ። ለክፋት አይደለም፣ አዝነውልኝ ነው። እኔ እስክስታ እመታለሁ፣ እነሱ ቆመው ያዩኛል። በነጋታው በማለዳ መጥተው ነገሩኝ።»

እማማ እናና ቀጠሉ።

«ሞቱን ቻልኩት። ምን ይደረጋል፣ የሰው ልጅ ይሞታል። ያን ጭፈራዬን ግን እስካሁን አልቻልኩትም። ሰው ሁሉ እያወቀ እኔ ብቻዬን ስስቅ!»

ረዑት የጠፋውን ቴሌቪዥን አየች። አሁን ባቡር ውስጥ ያለው ሰው በየስልኩ ያንን መንገድ እያየ ነው። ማሃኔ ይሁዳ ገበያ ያሉ ካፌዎች ቴሌቪዥናቸውን ወደ ገበያተኛው አዙረዋል። ፈጠነን አይተውት የማያውቁ፣ ስሙን እንኳ ያልሰሙ ሰዎች ትንፋሻቸውን ይዘው እየጠበቁት ነው። የማያዩት አንድ ሰው እናቱ ናቸው፤ የከለከለቻቸውም እሷ ናት።

ግን ፈራች፣ በጣም ፈራች። እማማ እናና ደም ብዛት አለባቸው፤ ሰምተው ቢወድቁስ? እናቷ ምን ትላለች? ሽማግሌዎቹስ? አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ለማንም ነግራ አታውቅም፤ በአማርኛ ደግሞ ቃሉ ከየት ይመጣል? ትንሽ ብትጠብቅ እነ አባባ መልካሙ ይደርሳሉ፣ ሸክሙም ከእሷ ላይ ይወርዳል። እስከዚያ ድረስ ግን ፈጠነ ጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ እናቱም ስለ እሱ ሳይጸልዩ እዚህ ቁጭ ብለዋል።

ከወንበሯ ተነሥታ ሶፋው ላይ፣ አጠገባቸው ተቀመጠች። እጃቸውን ያዘች።

«እማማ፣ ዋሸሁዎት። ፊልም አይደለም።»

እማማ እናና እጇን አጥብቀው ያዙ።

«ፈጠነ የሚሠራበት ቤት... ወለሉ ፈረሰ። ጉድጓድ ውስጥ ወደቁ፣ እሱና ሌላ አንድ ሰው። በሕይወት አሉ! እያናገሯቸው ነው። ግን ገና አልወጡም።»

«በሕይወት አለ?»

«አዎ።»

«ምለሽ ንገሪኝ።»

«እውነቴን ነው፣ እማማ። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፣ ሌላ የደበቅኩት የለም።»

እማማ እናና ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። እንባቸው ወረደ፤ ድምፅ ግን አላወጡም። ረዑት አብራ አለቀሰች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አሮጊቷ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ «ክፈቺው» አሉ። «አንድም ነገር እንዳታስቀሪብኝ።»

ከፈተችው። ረዑት እየሰማች ወደ አማርኛ ትመልሳለች፤ ቃል ሲጠፋት በእጇ ታሳያለች። አየር በቧንቧ እየገባላቸው ነው። ውሃ ወርዶላቸዋል። አንደኛው እግሩ ተጎድቷል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አልተናገሩም። እዚህ ላይ ስትደርስ ልትዘለው ፈለገች፤ ግን አልዘለለችውም።

የበሩ ደወል ጮኸና ረዑት ሄዳ በሩን ከፈተች። አባባ መልካሙና አባባ ማሩ ደረጃውን ወጥተው እያለከለኩ ቆመዋል። አባባ መልካሙ ወደ እሷ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እስካሁን ምንም አልሰሙም፣ አይደል?»

«ሰምተዋል» አለች ረዑት። «እኔ ነኝ የነገርኳቸው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የአባባ ማሩ ግንባር ተቋጠረ፣ አንድ ነገር ሊሉም አፋቸውን ከፈቱ።

«ረዑቴ!» አሉ እማማ እናና ከውስጥ። «አሁን ምን እያሉ ነው?»

ረዑት በሩን ለሽማግሌዎቹ ክፍት ትታ ተመለሰች፤ አጠገባቸው ተቀምጣም መተርጎሟን ቀጠለች።