ያልተከፈለበት ፊደል

እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መርማሪዋ ከጫማ ቤቱ ደጃፍ ስትደርስ ታፔላ ጸሐፊው በደረጃው ድንጋይ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ራሱ ከታችኛው ደረጃ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ተሰንጥቋል፤ ደሙ እስከ ቦዩ ወርዶ ረግቷል። መሰላሉ ከበላዩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከመሰላሉ በላይ፣ በነጭ መደብ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው «ዘመናዊ ጫማ ቤት» በጠዋት ፀሐይ ያብለጨልጫል።

ሱቆቹ ተዘግተው መንገዱ ጭር ብሏል። ሬሳውን ያገኘችው መንገድ ጠራጊ ቃሏን ሰጥታ ሄዳለች።

«ወድቆ ነው» አለ የመርማሪዋ ረዳት። «ደግሞ ሥራውን ጨርሷል። የመጨረሻዋ ‹ት› ገና አልደረቀችም። እዚህ ሰፈር ስላደግሁ ጠባዩን አውቃለሁ፤ ግማሹን ክፍያ አስቀድሞ ይቀበላል፣ ቀሪው እጁ ላይ ካልገባ የመጨረሻዋን ፊደል አይጽፍም። ይህ ታፔላ ሁለት ወር ሙሉ ‹ጫማ ቤ› እያለ ነው የኖረው። አላፊ አግዳሚው እንደ በግ ‹ቤ› እያለ ባለቤቱን ያበሽቀው ነበር።»

«እንግዲያው ተከፍሎታል ማለት ነው?»

«ካልተከፈለውማ እናቱም ብትለምነው አይጽፋትም።»

መርማሪዋ ቁጢጥ አለች። የሟቹ ጣቶች በጠመኔ ዱቄት ነጥተዋል፤ ቀይ ቀለም ግን በጥፍሩ ሥር እንኳ የለም። በግራጫው ቱታ ጀርባ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል፣ ሦስት ቀይ ጠብታዎች አሉ። ደም መስለዋት በጣቷ ጫፍ ነካች፤ ቀለም ናቸው። ሦስቱም ምንም ሳይንሸራተቱ እንደ ሳንቲም ክብ ሆነው ረግተዋል።

ከግድግዳው ሥር ክዳኑ በደንብ የተገጠመ የቀለም ቆርቆሮ፣ ከጎኑ ነጭ ጋዝ ያለበት ጣሳ ተቀምጧል። በጣሳው ውስጥ አንድ ጠፍጣፋ ብሩሽ ቆሟል። አውጥታ አየችው፤ ጸጉሩ ታጥቦ፣ ተጨምቆ፣ ጫፉ ተስተካክሏል።

«ምንም አትንካ» አለችው ረዳቷን።

ባለ ጫማ ቤቱ ሦስት ሰዓት ላይ ልብሱን ተኩሶ መጣ። ሬሳው በተነሣበት ቦታ ላይ ሳይረማመድ በጥግ በጥግ አልፎ ሱቁን ከፈተ።

«እኔ ዕዳዬን ከፍያለሁ» አለ ገና ሳይጠየቅ። «ትናንት ሱቅ ስዘጋ በእጁ ሰጠሁት። ፊደሏም ያችውላችሁ።»

«ደረሰኝ ተቀበሉ?»

«ከእሱ ጋር ደረሰኝ ምን ያደርጋል፣ እህቴ? ደረሰኙ እላይ ተሰቅሎ የለም?»

«ዋጋው አልከበደዎትም? ቀለሙን ሦስት ጊዜ እንዳስቀየሩት ሰምቻለሁ።»

«ኧረ ምንም። እጁ የተባረከ ሰው ነበር። ሥራውን ሳይ ክፍያው አነሰው ነው ያልኩት።»

መርማሪዋ መልሱን ጻፈች። እናቷ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ልጅ ሳለች የሰው ቀሚስ አድርሳ ክፍያ ትለምን የነበረችው እሷ ናት። ገንዘቡን ቆጥሮ የሰጠ ሰው ሁልጊዜ ያጉረመርማል፤ እጅጌው ጠበበ፣ ዋጋው ተወደደ ይላል። የእናቷን እጅ የሚያሞግሱት ባዶ እጇን የሚሸኟት ነበሩ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ፋርማሲ ተረኛ ስለነበር በእሑድም ክፍት ነው። ፋርማሲስቷ ጠና ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት።

«ሱቅ ስከፍት ሰው ተሰብስቦ አየሁ፤ ከዚያ በፊት የማውቀው የለም» አለች። «ወዳጆች አልነበርንም። ዝናብ መትቶት ቀለሙ ቢዝረከረክ አስተካክልልኝ ብዬ ቀሪውን ያዝኩበት። እሱ ደግሞ መጀመሪያ ክፈይ አለ። አራት ወር ‹ፋርማ› ሆኜ ተሳቀብኝ። ቢሆንም እንዲህ እንዲሆን አልመኝም።»

«አሁን ግን አልቋል።»

«ሐሙስ ዕለት አለቀ።»

«ማን ጨረሰው?»

ፋርማሲስቷ የጠረጴዛውን መስታወት መወልወል ጀመረች። «ማን ይሆናል፤ እሱ ነዋ።»

መርማሪዋ ወጥታ ታፔላውን አንጋጣ አየች። የፊደሎቹ እግር ሁሉ በምላጭ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ያልቃል፤ የመጨረሻዋ ‹ሲ› ግን የእግሯ ጫፍ ወደ ላይ ሰበር ብሎ እንደ ጅራት ቀርቷል። ዞር ብላ ማዶ ያለችውን ‹ት› አየች። እሷም ጅራት አላት።

ተመልሳ ገባች። «እርስዎ ስንት ዓመት የሐኪም ጽሑፍ አነበቡ?»

«ሠላሳ ሊሞላኝ ነው።»

«እንግዲያው የሰው እጅ ይለያሉ። ያቺን ‹ሲ› ማን ጻፋት?»

ፋርማሲስቷ ጨርቁን አስቀመጠች። «ላልናገር ቃል ገብቻለሁ» አለች በዝቅተኛ ድምፅ።

«እስከ አሥር ሰዓት ያስቡበት» አለችና መርማሪዋ ወጣች።

የሟቹ ቤት ከሥራ ቦታው ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ያለቁና ያላለቁ ሰሌዳዎች አጥሩን ተደግፈዋል። ሚስቲቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፤ እንባዋ ደርቋል። የሟቹ ታናሽ ወንድም ቆሞ መቀመጫ አቀረበ። አርባ ዓመት አልፎታል፤ እጆቹ እስከ ክርን በነጭ ቀለም ተለብጠዋል።

«ሰው ክፉ ነው ይለዋል» አለች ሚስቲቱ። «ድሮ እንዲህ አልነበረም። ልጃችን ታማ ሆስፒታል ተኝታ፣ ሥራቸውን ጨርሶ ያስረከባቸው አሥራ አንድ ደንበኞች ቤት ሄደ። አሥራ አንዱም ነገ አሉት። ልጄ ነገን አላየችም። ከዚያ ወዲህ ነው ፊደል ማስቀረት የጀመረው።»

«ዛሬ ጠዋት ለምን ሄደ?»

«ባለ ጫማ ቤቱ ‹እሑድ በጠዋት ና፣ ከፍዬህ ትጨርሳለህ› ብሎ ልኮበት ነዋ። እኔ ለገበያ ስወጣ ቀለሙን ሲያዘጋጅ ትቼው ነው የወጣሁት።»

መርማሪዋ ወደ ታናሽየው ዞረች። «አንተስ?»

«እዚሁ ነበርኩ፤ ሰሌዳ እያለሰለስኩ። ሌላ ሰው አልነበረም።»

«አብረህ አትጽፍም?»

«እኔ መደብ ቀቢ ነኝ። ሃያ ዓመት መደብ ነው የቀባሁት። ወንድም ጋሼ ፊደል ለማንም አያስነካም።»

ይህን እየተናገረ ከጎኑ የነበረውን ብሩሽ አንሥቶ ጋዝ ውስጥ ነከረ። በጨርቅ ጨመቀው፤ ጸጉሩን በሁለት ጣቶቹ መሃል አሳልፎ ጫፉን አስተካከለ። ዓይኑ መርማሪዋ ላይ ነበር፤ እጁ ለብቻው ነው የሚሠራው።

«በሐዘን ቀን እንኳ?» አለች መርማሪዋ ለስለስ ብላ።

«ልማድ ሆኖበት ነው» አለች ሚስቲቱ። «አንድ ቀን ሳያጥብ ቢያድር ወንድሙ ሦስት ቀን አኮረፈው።»

አሥር ሰዓት ሲሆን መርማሪዋ የጠራቻቸው ሁሉ ጫማ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ደንበኛ ጫማ በሚለካባቸው ዝቅተኛ ወንበሮች ላይ ተራርቀው ተቀመጡ፤ ባለ ጫማ ቤቱ ብቻ ባንኮኒው ኋላ ቆመ። ረዳቷ በሩ ላይ ነው።

«ነገሩ ከፊደሏ ይጀምራል» አለች መርማሪዋ። «ሟቹ ጽፎ ጨርሶ ወደቀ ተባለ። ጣቶቹ ላይ ግን ጠመኔ እንጂ ቀይ ቀለም የለም። ቀዩ ያለው ጀርባው ላይ ነው። ሰው እየጻፈ ከሆነ ቀለም የሚነካው ፊቱንና ደረቱን ነው። ቆሞ ጀርባው ላይ ቢፈስበት ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። እነዚያ ሦስት ጠብታዎች ክብ ነበሩ። ከላይ የተንጠባጠቡት ተደፍቶ በተኛ፣ በማይንቀሳቀስ ሰው ላይ ነው።»

ሚስቲቱ ቀና አለች። «ምን ማለትዎ ነው?»

«ፊደሏ የተጻፈችው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። የጻፋት ሰው መሰላሉን ከሬሳው በላይ አቁሞ ወጥቷል።»

ፋርማሲስቷ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ» አለች መርማሪዋ ባለ ጫማ ቤቱን። «አልከፈሉም። ትናንት ከፍለው ቢሆን ‹ዛሬ ጠዋት ና፣ ከፍዬህ ትጨርሳለህ› ብለው ለምን ይልኩበታል?»

ባለ ጫማ ቤቱ አንድ የጫማ ካርቶን አነሣና መልሶ አስቀመጠ። «እመጣለሁ ብዬ አረፈድኩ። ስደርስ ሞቷል፤ ፊደሉ አልቋል። የሞተ ሰው አይጠይቀኝም አልኩ።» ቀና ብሎ ማንንም አላየም። «ገዳይ ግን አይደለሁም።»

«አይደሉም። በዚያ ውሸት ግን ለገዳዩ መሸሸጊያ ሆነውለታል። ያልተከፈለው ሰው ያቺን ፊደል እንደማይጽፍ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እርስዎ ከፈልኩ ሲሉ፣ ሲሠራ ወደቀ የሚለው ነገር እውነት መሰለ።» ወረቀቷን ገለጠች። «እርስዎ ብሩሽ መያዝም አይችሉም። ፊደሏን የጻፋት የሠለጠነ እጅ ነው። ደግሞ ጽፎ አልሮጠም፤ ቆርቆሮውን ከደነ፣ ብሩሹን አጥቦ ጋዝ ውስጥ አቆመ። ለሃያ ዓመት ብሩሽ እጠብ እየተባለ ከኖረ ሰው በስተቀር ከሬሳ አጠገብ ቆሞ ብሩሽ የሚያጥብ የለም።»

ታናሽየው እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል ደበቀ።

«እኔ እናገራለሁ» አለች ፋርማሲስቷ። «የኔን ‹ሲ› የጻፈው እሱ ነው። ረቡዕ መጥቶ ‹የቀሪውን ግማሽ ክፈይኝና ልጨርስልሽ፤ ወንድሜ እንዳይሰማ› አለኝ። መሳቂያ መሆን ሰልችቶኝ ስለነበር እሺ አልኩት። ትናንት ሟቹ ታፔላውን አይቶ ገባ። ‹ማን ጻፈው?› አለኝ። ዝም ስል፣ ገብቶት ነው መሰል ምንም ሳይል ወጣ።»

«‹ሲ›ዋም ‹ት›ዋም እግራቸው ላይ ጅራት አላቸው» አለች መርማሪዋ። «የሟቹ ፊደሎች የላቸውም።»

ከዚያ ታናሽየው ራሱ ጀመረ።

«ትናንት ሙሉ ቀን ዘጋኝ። ዛሬ እትዬ ገበያ ስትወጣ ‹መሰላል ያዝልኝ› ብሎ ይዞኝ መጣ። ስለ ገንዘቡ ቢቆጣኝ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር። ስለ ገንዘቡ አልተነፈሰም። መሰላሉ ላይ ሆኖ መስመር እያሠመረ፣ ‹ያቺን ‹ሲ› ነገ እፍቃታለሁ። ጅራታም ፊደል በእኔ ስም መንገድ ላይ አትቆምም። አንተ መደብ እንደቀባህ ትሞታለህ› አለኝ። ዞሮ እንኳ አላየኝም።» እጆቹን ከጉልበቶቹ መሃል አወጣ። «መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሳብኩት።»

«ፊደሏን ለምን ጻፍካት?» አለች መርማሪዋ።

«ሲሠራ ወደቀ እንዲባል። መሰላሉን መልሼ አቆምኩና ወጣሁ። ወደ ታች ላለማየት ፊደሏን ብቻ እያየሁ ጻፍኩ።»

ሚስቲቱ እስካሁን አልጮኸችም፤ አሁንም አልጮኸችም። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተነሣችና ፊቱ ቆመች።

«ቀብሩ ነገ ነው» አለች። «ካንተ ሌላ ወንድም የለው። አስከሬኑ ሲወጣ ከፊት ማን ይቁምለት?»

ታናሽየው እጆቹን ወደ ፊት ዘረጋ። ረዳቷ እጁን አሰረው።

መርማሪዋ ያን ቀን አለቃዋ ቢሮ ድረስ ሄዳ ታናሽየው ቀብሩ ላይ እንዲገኝ ይፈቀድለት ብላ ለመነች። በማግስቱ ታናሽየው በሁለት ፖሊሶች ታጅቦ መቃብሩ ዘንድ መጣ፤ ከለቀስተኛው ሁሉ ኋላ፣ የታሰሩ እጆቹን በኮቱ ሸፍኖ ቆመ። ሰዎች ሲያዩት ማጉረምረም ጀመሩ። ሚስቲቱ ዞር ብላ አየችው። ፊቷን መለሰች፤ ግን አስወጡት አላለችም።