መንገዱ ላይ የነበረችው ልጅ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ ጂኦግራፊ ሳስተምር ያረጀሁ፣ ለመናፍስት የሚተርፍ ጉልበት የሌለኝ፣ አሁንም ቢሆን ደክሞኛል፣ ግን ስማኝማ ወዳጄ፣ ያየሁትን ልንገርህ።

ሞባይል ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ወልቂጤና ቡታጅራ ያለን ሦስት ሰዎች የሕትመት ሥዕል ሰብሳቢዎች ማኅበር አቋቋምን፣ እንጨት ተቀርጾ፣ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ የሚታተመውን ዓይነት ማለቴ ነው፣ ሰዉ «ወረቀት ይበላል እንዴ?» እያለ ይስቅብን ነበር። እንደ ዕቁብ በተራ ቤት ለቤት እየዞርን ያለንን እንተያያለን፣ እኔ፣ ነርሷ ትዕግስትና የቡታጅራው ጨርቅ ነጋዴ ጋሽ ሸምሱ። የጋሽ ሸምሱ ልጅ ሰሚራ ጅዳ ሄዳ ድምፅዋ ከጠፋ ቆይቷል፣ ዘመድ አዝማድም «በቃ፣ ሰደቃዋን አብላና እርምህን አውጣ» እያለ መከራቸውን ያበላቸዋል።

ተራው የእኔ በሆነ ቀን፣ አመሻሹ ላይ ዝናብ ጥሎ መብራት ጠፋ፣ ሻማ አበራንና ትዕግስት «ሦስታችንም ጋ ያለውን ሥዕል እስቲ ጎን ለጎን እንየው» አለች። ከአንድ ሠዓሊ የገዛነው፣ ከአንድ እንጨት የታተመ ነው፣ እንጨቱንም ሠዓሊው ራሱ ፈልጦ አንድዶታል፣ ስለዚህ ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው፣ በእንሰት መሀል የሚያልፍ መንገድ፣ ወዲህ አንድ ጎጆ፣ ፌስታል አንጠልጥላ ጀርባዋን ለጎጆው ሰጥታ የምትሄድ ልጅ።

ደረደርናቸው። በትዕግስት ወረቀት ላይ ልጅቷ እንደምናውቃት እየሄደች ነው። በጋሽ ሸምሱ ወረቀት ላይ ቆማ ዞራለች። በእኔው ላይ ተመልሳ ደጃፉ አጠገብ ደርሳለች። እመነኝ፣ ያ ወረቀት ሳሎኔ ተሰቅሎ ስንት ክረምት አልፏል፣ ፊቷን አይቼ አላውቅም።

ሻማውን አስጠግተን ደግመን አየን። ያኔ ደጅ ጠጠሩ ላይ የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማን፣ እየቀረበ መጣና በሩ ጋ ቆመ። ትዕግስት «በኢየሱስ ስም!» ብላ ከፈተችው፣ ዝናብ ብቻ።

ጋሽ ሸምሱ ዓይናቸውን ከእኔ ወረቀት አልነቀሉም።

«መምህር፣ ይቺን ስጠኝ፣ የኔን ውሰድ።»

«ጋሼ፣ ወረቀት እኮ ነው፣ ልብዎን አያድክሙ።»

«ልቤማ ከደከመ ቆየ። ስጠኝ።»

ሰጠኋቸው።

በማግስቱ የእሳቸውን ልሰቅል ስዘረጋው መንገዱ ባዶ ነው፣ ልጅም የለ ፌስታልም የለ። ቡታጅራ ደውዬ ነገርኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ጋሽ ሸምሱ፣ «መንገዱን ጨርሳለቻ! ሰደቃ የሚባል ነገር እንዳልሰማ ብያቸዋለሁ። በሩንም ከእንግዲህ አልቆልፍም።»

እኔ ባዶ መንገድ ሳይ የመጣብኝ ሐሳብ ሌላ ነበር፣ ግን ምን አፍ አለኝ።

ሰሚራ እስከ ዛሬ አልመጣችም። ማኅበሩም እዚያው ቀረ፣ ትዕግስት ወረቀቷን ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ከታ ሁለተኛ አላየችውም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ያ የነጠላ ጫማ ድምፅ ጠጠሬ ላይ ይመጣል፣ በሩ ጋ ይቆማል፣ እኔም ጋደም እንዳልኩ አዳምጣለሁ እንጂ ተነስቼ አልከፍትም። ፍርሃት ብቻ እንዳይመስልህ ወዳጄ፣ ከፍቼ ማንም ባይኖር ለጋሽ ሸምሱ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?