ያልወደቀችበት ጉድጓድ

ሟቹ የማዳመጫ ገመድ አንገቱ ላይ እንደተጠመጠመ ኮምፒውተሩ ፊት ተደፍቷል። ስክሪኑ ላይ ፋኖስ የያዘች ትንሽ ልጅ ቆማ ትጠብቃለች።

ሰው የማያውቃቸውን፣ አንድና ሁለት ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሚሠራቸውን ጌሞች እየፈለገ በቪዲዮ የሚያስተዋውቅ ሰው ነበር። ጌሙ ወደ ፊት ሂድ ሲለው መጀመሪያ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ተመልካቾቹ «ኋሊት» ይሉታል።

መርማሪዋ ስትደርስ የሟቹ እህት የወንድሟን ቪዲዮ አቀናባሪ ኮሌታ አንቃ ይዛለች።

«እትዬ፣ ጠዋት ከወንድሜ ጋር ሲጨቃጨቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለኔ ይተዉልኝ።»

«ቀስ በይ፣ ልጄ። የሚታነቅ አንገት አይጠፋም። መጀመሪያ የማን እንደሆነ እንወቅ።»

አንድ ጌም ሠሪ በስምንት ሰዓት አዲስ ጌሙን ይዞ መጥቶ በዘጠኝ ሄዷል። እህትየዋና አቀናባሪው ሳሎን ሆነው የጌሙን ድምፅ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሰምተዋል። በአስር እህቱ ሻይ ይዛ ስትገባ ሬሳ አገኘች። በመሃል ከሳሎን የተነሳው አቀናባሪው ብቻ ነው።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው መርማሪዋ።

«በአንድ ቪዲዮ። ዛሬ አይሁን አልኩት፤ እምቢ አለኝ።»

ጌም ሠሪው ተጠርቶ መጣ። «ጎኑ ተቀምጬ አየሁ እንጂ ኪቦርዱን አልነካሁም። ስወጣ ደህና ነበር።»

«ጌሙን ከዚህ በፊት የተጫወተው ሰው አለ?»

«ከኔ በቀር ማንም የለም። ዛሬ ገና ነው ሰው ያየው።»

ኋሊት ሲጫወት ኮምፒውተሩ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ይቀርጻል። መርማሪዋ አንድ ሰዓት ሙሉ ቅጂውን አየች። ከዚያ ሦስቱንም ስክሪኑ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ይኸው የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ። ልጅቷ መንገዱን ትታ ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ ግድግዳ ትነካካለች፣ ቅጠል በለበሱ ጉድጓዶች ሰባት ጊዜ ትወድቃለች።»

«እሱ ነው» አለች እህቱ በቀስታ።

«ከዚያ ጌሙ አራት ደቂቃ ይቆማል። እንደገና ሲጀምር ልጅቷ አንዴም ወደ ኋላ አትዞርም። ገብታበት የማታውቀው ጫካ ውስጥ ዘጠኝ የተሸፈኑ ጉድጓዶች አሉ፤ ዘጠኙንም ትዘላለች።» ወደ ጌም ሠሪው ዞረች። «ከሳሎን የተሰማው ያንተ ጨዋታ ነው። እሱ በሕይወት ያለ እንዲመስል አንዴ እንኳ መውደቅ ነበረብህ። በገዛ ወጥመድህ መውደቅ ግን እጅህ እምቢ አለ።»

ጌም ሠሪው ብዙ አልተከራከረም።

«ሚስቴ አምስት ዓመት የሳለችውን ጌም አራት ደቂቃ ተጫውቶ በሰው ፊት ሳቀበት። ዳግም ብሩሽ ሳትነካ ሞተች። እኔም አራት ደቂቃ ሰጠሁት።»

አቀናባሪው ቀና አለ። «የተጨቃጨቅነው በዚያ ነው። የሚስትህን ጌም ፈልጎ እስከ መጨረሻው ተጫወተው። ይቅርታ የጠየቀበትን ቪዲዮ ሊያሳይህ ነበር የጠራህ። ቁስሉን አትነካካው ብዬው ነበር።»

መርማሪዋ ጌም ሠሪውን በካቴና አሰረችው። እህቱ ግን ወደ ገዳዩ አልተጠጋችም። ቪዲዮውን ፈልጋ ከፈተችው። የኋሊት ድምፅ የጌም ሠሪውን ሟች ሚስት ስም ጠርቶ ጀመረ።

«ዝጊው፣ በናትሽ» አለ ጌም ሠሪው ፊቱን አዙሮ።

«አርባ ደቂቃ ነው» አለች ወንበር እየሳበችለት። «ተቀመጥ። እስከ መጨረሻው ትሰማዋለህ።»

መርማሪዋም ለራሷ ወንበር ሳበች።