የሚቸኩል መርፌ

ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ከነበሩት የሰዓት ጠጋኞች ሱቆች የቀረችው የየሲን ብቻ ናት። ጎረቤቶቹ ፈረሳው በመጣ ጊዜ ተበታትነዋል። ጠዋት «እንዴት አደርክ» የሚለው ሰው ስለሌለ፣ አንዳንድ ቀን የራሱን ድምፅ የሚሰማው የመጀመሪያው ደንበኛ ሲመጣ ነው።

አንድ ቅዳሜ ረይሀና መጣች። የአባቷን አሮጌ ፊያት የጭነት መኪና ከድልድዩ ግርጌ አቁማ ነበር።

«ሰዓት አይደለም» አለች። «የመኪና ፍጥነት መለኪያ ትሠራለህ ብለውኝ ነው።»

«ምን ሆነ?»

«ካምቢዮው አልቆ የሌላ መኪና አስገጠምን። ከዚያ ወዲህ በአርባ አምስት ስነዳ መርፌው ስልሳ ይላል። አባቴ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጦ መርፌውን ብቻ ነው የሚያየው። ገዳይ ነሽ ይለኛል። ካልተስተካከለ ቁልፉን ተቀብሎ ለአጎቴ ልጅ ሊሰጠው ነው።»

«ፍጥነቱን በስልክሽ አታሳዪያቸውም?»

«አሳየሁታ! ‹ይሄ መኪና ስልክ ሳይፈጠር ሲነዳ ነበር› አለኝ።»

የሲን ሳቀ። ሳቁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው ገመድ የሚዞረው በካምቢዮው ነው፤ አዲሱ ካምቢዮ ደግሞ ከልክ በላይ ያዞረዋል። ገመዱ ጫፍ ላይ ጥርሷ የበዛ ትንሽ ጊር ከገባች ይረጋል። ልኳን ለማግኘት ግን እየነዱ መሞከር ያስፈልጋል።

እሁድ ማለዳ የሲን አንዲት ጊር ገጠመና በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ሱሉልታ ወጡ። አባቷ ጋሽ ሙዓዊያ በሁለቱ መሃል ተቀመጡ። የሲን ስልኩን፣ እሳቸው መርፌውን ያያሉ።

«ምሳህን የት ነው የምትበላው?» አለች ረይሀና፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።

«ሱቅ ውስጥ።»

«ከማን ጋር?»

የሲን ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ሃምሳ!» ጮኹ ጋሽ ሙዓዊያ። «ሃምሳ ገባች፣ ያ አላህ!»

ስልኩ አርባ አምስት ይላል። ስህተቱ ቢቀንስም አልጠፋም።

በሳምንቱ አጋማሽ የሲን ትክክለኛዋን ጊር አገኘ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ብዙ ተቀመጠ። መኪናው ላይ ያለችውን ቢተዋት ሌላ እሁድ ይኖረዋል። ምናልባት ከዚያም ሌላ።

እሁድ ሲመጡ ፊተኛዋን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ትክክለኛዋን ገጠማት።

ሜዳው ላይ ስልኩም መርፌውም አርባ አምስት አሉ። ጋሽ ሙዓዊያ ስልኩንም መርፌውንም ደጋግመው አዩ።

«እስከ ዛሬ እንዲህ ነበር የምትነጂው?»

«እንዲህ ነበር፣ አባዬ።»

«እንዲህማ ከሆነ አትክልት ተራ እስክትደርሺ ሽንኩርቱ ይበሰብሳል! ትንሽ ረገጥ አድርጊው እንጂ!»

ሲመለሱ ጋሽ ሙዓዊያ መኪናው ውስጥ ቀሩ። ረይሀና የሲንን እስከ ሱቁ ሸኘችው። ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን ጊር አነሳች።

«ይችን ብትተዋት እኮ እሁድም እንመጣ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ቁልፉን ቢወስዱብሽስ?»

ቀና ብላ አየችው። ጊሯን አስቀምጣ ወጣች። መኪናው ዳገቱን ሲወጣ ድምፁ ለረጅም ጊዜ ተሰማው፤ ከዚያ ጠፋ።

ሰኞ ዝናብ ዘነበ። ማክሰኞ አንድ ሰው መንገድ ሊጠይቀው ገባና ወጣ። ረቡዕ የጭነት መኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ከሱቁ ብቅ ይል ነበር፤ ሐሙስ ይህን ተወ።

ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ የሱቁ በር ላይ ቆማለች። ሰማያዊ ሻሽ አስራለች፤ በእግሯ ነው የመጣችው። ዞራ እስክትስቅ ድረስ አላወቃትም።

«ምን ተበላሸ?» አላት ደንግጦ።

«ምንም።»

ትከሻው ድረስ ብቻ ናት።

«መሪው ላይ ሳስብሽ ረጅም ትመስይኝ ነበር» አለ።

«ረጅሙ መኪናው ነዋ!»

በሩን ከፈተ። ለደንበኛ ብሎ ያስቀመጠው ወንበር ኖሮት አያውቅም። የራሱን ስቦ ሰጣት፤ እሱ ቆመ።