የሪፈረንስ ክፍሉ አንባቢ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሁሉ ቀድሜ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ጎረቤቶቼ ስለ መንፈስ ሲያነሱ ሻይዬን ጨልጬ ነው የምነሳው፣ ስለዚህ ይህን የማወራላችሁ እንድታምኑኝ ሳይሆን እኔ ራሴ ምን እንደማምን ስለጠፋኝ ነው።

የምሠራው ጉለሌ ውስጥ ባለ የአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ነው። ባለፈው ክረምት ከሪፈረንስ ክፍሉ የማይነበቡትን መጻሕፍት ለይቼ እንዳስወግድ ታዘዝኩ፣ ማለቴ፣ ተማሪው ሁሉን ነገር ስልኩ ላይ ስለሚያገኝ እነዚያን ወፋፍራም መዝገበ ቃላት የሚነካቸው የለም፣ ቦታው ደግሞ ለኮምፒውተር ተፈልጓል። «ያነበባችሁትን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ተዉት» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ፣ የተነበበውን ለማወቅ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛው ባዶ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ቆልፌው በሄድኩት ክፍል ውስጥ አንድ አሮጌ የሕክምና መዝገበ ቃላት ተገልጦ አገኘሁ፣ ወንበሩም ወጣ ብሏል። መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ማክሰኞም እንደዚያው፣ ጥቂት ገጾች ብቻ ወደፊት ሄዷል።

የጠረጠርኩት ጋሼ ሙላቱን ነው። ያኔ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀሯቸው ባልደረባዬ ነበሩ፣ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ የመዘገቡት እሳቸው ስለሆኑ መወገዳቸውን አልወደዱትም።

«ጋሼ፣ ትርፍ ቁልፍ አለዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«ቁልፉ ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው» አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

አላመንኳቸውም። ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ክፍሉን ጥግ ድረስ ፈተሽኩ፣ ቆለፍኩ፣ እሳቸውንም በሩ ላይ አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። ዝናቡ ጋብ ሲል ከውስጥ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ቆየት ብሎ ደግሞ ገጽ ሲገለጥ፣ ቀስ እያለ፣ እንደገና ሲገለጥ። እመኑኝ፣ መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፣ ሌላ በር የለም። ቁልፉን አዙሬ ከፈትኩ። ሰው የለም። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ተገልጧል፣ የገጹ ጠርዝ ላይ የጣት እርጥበት ገና አልደረቀም።

ዞር ስል ጋሼ ሙላቱ ከወንበራቸው አልተነሱም። አልደነገጡምም።

«የት ደረሰ?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ማን ነው የደረሰው፣ ጋሼ?»

ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፣ ስደውልላቸው ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል እንጂ ያንን ቀን አያነሱትም።

መዝገበ ቃላቱን እስካሁን አላስወገድኩትም። ኃላፊያችን ለምን እንደቆየ በጠየቁኝ ቁጥር «አሁንም እየተነበበ ነው» እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ፣ ማን እንደሚያነበው ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም።